ሮበርት ብራውንና የባሕር ዳር አበቦች

ሮበርት ብራውን በስኮትላንድ አገር፣ ሞንትሮዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በ1773 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ቄስ ነበረ፤ ባመነበት ነገር እጅግ የጸና፣ መንግሥት ቢቃወመውም ከሐሳቡ የማይመለስ ሰው ነበረ። ልጁም ይህን የአባቱን ጽናት ወረሰ፤ ነገር ግን ጽናቱን ያዋለው በሣርና በቅጠል፣ በዘርና በአበባ ምርመራ ላይ ነው።

ካደገም በኋላ የሐኪምነትን ትምህርት ለመማር ወደ ኤዲንብራ ከተማ ሄደ። በዚያ ዘመን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመመው ከሥርና ከቅጠል ስለ ነበረ፣ ሐኪም የሚሆን ሰው ዕፅዋትን ለይቶ ማወቅ ነበረበት። የብራውን ልብ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ወደ ቅጠሉ አዘነበለ። ጊዜ ባገኘ ቍጥር ወደ ስኮትላንድ ተራሮች እየወጣ የማያውቀውን ሣርና አበባ ይለቅም ነበር። ገና የ18 ዓመት ጐበዝ ሳለ በአገሩ ስለሚበቅሉ ዕፅዋት የጻፈው ጽሑፍ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተነበበ። የሐኪምነቱን ትምህርት ግን ሳይፈጽመው ቀረ።

ከዚህም በኋላ ለሠራዊት ሐኪም ረዳት ሆኖ ከወታደሮች ጋራ ወደ አየርላንድ ተሻገረ። ጦርነት በሌለበት ጊዜ በጦር ሰፈር የሚኖር ሰው ብዙ ባዶ ሰዓት አለው፤ ባዶ ሰዓትም ብዙውን ሰው ወደ መጠጥና ወደ ቁማር ይወስደዋል። ብራውን ግን ጧት ከቍርስ በፊት የጀርመንን ቋንቋ ሰዋስው ያጠና ነበር። ከዚያም በሽተኞቹን ይጐበኛል፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ በየድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን ሽበት የመሰለ ነገርና በየጥላው ሥር የሚወጣውን ቅጠል ሲመረምር ያሳልፈዋል። እንዲህ ሲያደርግ አምስት ዓመት ያህል ኖረ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ደመወዝ አልከፈለውም።

በዚያን ጊዜ በለንደን ከተማ ሰር ጆሴፍ ባንክስ የሚባል ባለጠጋና ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ከጄምስ ኩክ ጋራ ዓለምን በመርከብ የዞረ ነው፤ ቤቱም በመጻሕፍትና በደረቁ ዕፅዋት የተሞላ ነበረ። በ1800 ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት የአውስትራልያን ምድር ዳርቻ ዙሪያውን የምትመረምር መርከብ ለመላክ በቈረጠ ጊዜ፣ ከመርከቢቱ ጋራ የሚሄደውን የዕፅዋት ሊቅ የመምረጡ ሥራ ለባንክስ ተሰጠ። ባንክስም ያን በአየርላንድ የጦር ሰፈር ያለውን የሐኪም ረዳት አስታወሰና ጻፈለት። ብራውንም ደብዳቤው በደረሰው ጊዜ ሳይውል ሳያድር እሺ ብሎ መለሰ። ዕድሜው ያን ጊዜ 27 ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ነበረ።

መርከቢቱ ኢንቨስቲጌተር ትባላለች፤ ትርጓሜውም መርማሪት ማለት ነው። አለቃዋ ማቲው ፍሊንደርስ ገና ወጣት ቢሆንም በባሕር ሥራ እጅግ የተፈተነ ሰው ነበረ። ከብራውን ጋራ ፈርዲናንድ ባወር የሚባል የኦስትርያ ሠዓሊና ፒተር ጉድ የሚባል አትክልተኛ ተሳፈሩ። የሦስቱ ሥራ የተለያየ ነበረ። ብራውን ዕፅዋቱን ይለቅማል፣ ይመረምራል፣ ይጽፋል፤ ጉድ ዘራቸውን ይሰበስባል፣ ሕያው ሆነው የሚጓዙትንም በሣጥን ውስጥ በአፈር ይተክላል፤ ባወር ደግሞ ሥዕላቸውን ይሠራል። አበባ በተቈረጠ በጥቂት ሰዓት መልኩ ይጠፋልና፣ ባወር ለየቀለሙ ቍጥር ሰጥቶ ነበር፤ ቍጥሮቹም ወደ 1,000 ይደርሱ ነበር። በሜዳ ላይ መስመሩን በእርሳስ ብቻ ይሥልና በቅጠሉና በአበባው ላይ ቍጥሩን ይጽፋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በኤውሮጳ ተቀምጦ ቍጥሩን እያነበበ ያን ቀለም ይቀባው ነበር።

በ1801 ዓመት በሐምሌ ወር ከእንግሊዝ ተነሥተው፣ አፍሪቃን በደቡብ በኩል ዞረው፣ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ በአውስትራልያ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ኪንግ ጆርጅ ሳውንድ ወደሚባል ወደብ ደረሱ። በዚያም አራት ሳምንት ያህል ቈዩ። ብራውንና ጓደኞቹ በየቀኑ ወደ ምድር እየወረዱ በእግራቸው ይዞሩ ነበር፤ በእነዚያም ጥቂት ሳምንታት 500 የሚያህል ዓይነት ዕፅዋት ለቀሙ። ቅጠልን መልቀም ቀላል ነው፤ ማድረቁ ግን ጭንቅ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በወረቀትና በወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይጫናል፤ ወረቀቱም የቅጠሉን እርጥበት ሲጠጣ በደረቅ ወረቀት መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ይሻግታል። ኢንቨስቲጌተር ደግሞ ውሃ ታስገባ ነበር።

በ1802 ዓመት በጥር ወር መጀመሪያ ከዚያ ወደብ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሄዱ። በመንገዳቸውም ከባሕሩ ዳር የቆሙ፣ ዛፍ የማይታይባቸው፣ ድንጋያቸው ያገጠጠ ተራሮች አዩ። ፍሊንደርስም ከመርከቢቱ ሆኖ አይቶ መካን ተራሮች ብሎ ሰየማቸው፤ እነርሱም ምዕራብ፣ መካከለኛና ምሥራቅ ማውንት ባረን የሚባሉት ናቸው። መርከቢቱ በዚያ አልቆመችም፤ ብራውንም አልወረደም። ፍሊንደርስ በዚህ ነገር ሊነቀፍ አይገባውም፤ እርሱ የሚጠብቀው መርከቢቱን እንጂ አበባውን አልነበረም፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰውም ተራሮቹ በእውነት ባዶ ይመስላሉ። ነገር ግን ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ጄምስ ድራሞንድ የሚባል ሌላ የዕፅዋት ሊቅ በዚያ አገር የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ እሳት ነበልባል ብጫና ቀይ የሆነ ቍጥቋጦ በጽሑፍ ገልጦ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ሰየመው። ዛሬ ያ መካን የተባለው ምድር ፊትዝጄራልድ ሪቨር የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በውስጡም ከ1,800 የሚበልጥ ዓይነት ዕፅዋት እንደሚበቅል ታውቆአል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም።

መርከቢቱ ተራሮቹን ካለፈች በኋላ ወደ ብዙ ደሴቶች መካከል ገባች። ትንሹና ትልቁ ደሴት ከመቶ ይበልጣል፤ ከውሃ በታች የተሸሸገው ዐለት ደግሞ ብዙ ነው። ፀሐይም ልትጠልቅ ቀረበች። በጨለማ በዚያ መካከል መንዳት ሞት ነው፤ መልሕቅ የሚጣልበትም ቦታ አልታየም። በዚያን ጊዜ ፍሊንደርስ ወደ ምድር አቅጣጫ ነጭ አሸዋ አየና፣ ደፍሮ መርከቢቱን በቀጥታ ወደዚያ መራት። ከነፋስ የተከለለ፣ ለመልሕቅ የተመቸ ወሽመጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ለኪ ቤይ ብሎ ሰየመው፤ መልካም ዕድል የተገኘበት ወሽመጥ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ጥቂት ቀን ዐረፉ።

ለኪ ቤይ የሚያስደንቅ ስፍራ ነው። አሸዋው እንደ ተነፋ ዱቄት ነጭ ነው፤ ውሃው በዳር አረንጓዴ፣ በጥልቁ ሰማያዊ ነው። ከአሸዋው በስተጀርባ ግራኒት የሚባለው ጠንካራ ድንጋይ እንደ ዝሆን ጀርባ ራቁቱን ተነሥቶ ይታያል። ከኰረብቶቹ አንዱ 262 ሜትር ከፍታ አለው፤ በራሱም አጠገብ ድንጋዩን ወዲያና ወዲህ የበሳ ታላቅ ዋሻ አለበት፤ ይህን የፈለፈለው ከብዙ ሚልዮን ዓመት በፊት ባሕሩ እስከዚያ ድረስ ከፍ ብሎ በነበረ ጊዜ የማዕበሉ ምት ነው ይላሉ ሊቃውንት። ግልገሉን በሆዱ ኪስ የሚሸከመው ካንጋሩ የሚባለው አውሬ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል።

አፈሩ ግን አሸዋና ጠጠር ነው። ገበሬ ቢያየው ዘር አይጥልበትም። ብራውንም የደረሰው የበጋው ሙቀት በበረታበት ጊዜ ነበረ፤ የዚያ አገር አበባ የሚበዛው ግን በጸደይ ነውና፤ ጸደዩም የሚጀምረው በኢትዮጵያ ዐደይ አበባ በሚፈነዳበት በመስከረም ነው። ስለዚህ አብዛኛው አበባ ረግፎ ነበር። እርሱ ግን ወቅቱ አለፈ ብሎ አልተቀመጠም፤ አበባው ከረገፈ ፍሬው ይኖራልና፣ ፍሬውም ከሌለ ቅጠሉ ይኖራልና፣ በአሸዋውና በድንጋዩ መካከል እየዞረ ለቀመ።

ካገኛቸውም አንዱ ባንክሲያ ከሚባሉት ዛፎች ወገን ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም ነው፤ ሁለቱም ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቈራረጠ ነው። አበባው ብጫነት ያለው ነጭ ነው፤ ብዙ ትንንሽ አበቦች በአንድ ግንድ ዙሪያ ተሰብስበው እንደ በቆሎ ራስ ቆመው ይታያሉ። ፍሬው ደግሞ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ብዙ ዓመትም አፉን ዘግቶ በዛፉ ላይ ይቈያል። የዱር እሳት በተነሣ ጊዜ ዛፉ ይሞታል፤ በእሳቱ ሙቀት ግን ያ የተዘጋ ፍሬ ይከፈትና ዘሩ በዐመዱ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም አዲስ ዛፍ ይበቅላል። ብራውን ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ዛፍ ባንክሲያ ስፔሲዮሳ ብሎ ሰየመው፤ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ያማረች ባንክሲያ ማለት ነው።

በዚያው ስፍራ ዘንባባ የሚመስል አጭር ተክል ነበረ። ከመርከቢቱ ሰዎች አንዳንዶቹ ፍሬውን ቀምሰው ጣፈጣቸውና አብዝተው በሉ፤ ወዲያውም ታመሙ። ፍሬው መርዝ ነበረበት። የዚያ አገር ሰዎች ኑንጋር የሚባሉት ግን ያን ፍሬ ከጥንት ጀምሮ ይበሉት ነበር፤ አስቀድመው በውሃ እየዘፈዘፉና በአፈር እየቀበሩ መርዙን ያወጡለታልና። እንግሊዞቹ አዲስ አገር አገኘን ሲሉ፣ በዚያ አገር ለሚኖሩት ግን እያንዳንዱ ቅጠል ከአያት ከቅድመ አያት የታወቀ ነበረ።

ከዚያ ተነሥተው ብዙም ሳይቈዩ ታላቅ ኀዘን ደረሰባቸው። በየካቲት ወር የመርከቢቱ መሪ ጆን ቲስል ከሰባት ሰዎች ጋራ በጀልባ ሲሄድ ጀልባዋ ተገልብጣ ስምንቱም ሞቱ። ከለኪ ቤይ ቀጥሎ ያለው ትንሽ ወሽመጥ እስከ ዛሬ በዚህ ሰው ስም ይጠራል። መርከቢቱም የአውስትራልያን ምድር ዙሪያዋን ዞራ በ1803 ወደ ሲድኒ ወደብ ስትመለስ እንጨቷ በስብሶ ተገኘ። በመንገድ ላይ ተቅማጥ ብዙ ሰው ጐዳ፤ አትክልተኛው ፒተር ጉድም በሰኔ ወር ሞተ። እርሱ የለቀመው ዘር ግን ወደ እንግሊዝ ተልኮ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ በኪው በቀለ፤ እርሱ ያላየውን አበባ ሌሎች አዩለት።

ፍሊንደርስ ሌላ መርከብ ለማምጣት በነሐሴ ወር ፖርፖይስ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ተነሣ። ብራውንና ጉድ የደከሙባቸው ሕያዋን ተክሎችና ከደረቁትም ዕፅዋት ከፊሉ በዚያች መርከብ ተጭነው ነበር። ከተነሣች ብዙ ቀን ሳይሆን መርከቢቱ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ ተሰበረች፤ ያ ሁሉ ተክል ጠፋ። ፍሊንደርስ ከሞት ቢያመልጥም በመንገዱ በፈረንሳዮች እጅ ተይዞ በሞሪሸስ ደሴት ከስድስት ዓመት በላይ ታሰረ።

ብራውን ይህን በሰማ ጊዜ ወደ አገሩ አልተመለሰም። የጠፋው እንዲተካ ዳግመኛ ይለቅም ጀመር። ወደ ታዝማንያ ደሴት ተሻግሮ ብዙ ወራት በዚያ ቈየ፤ በሲድኒም ዙሪያ ያለውን ምድር አብዝቶ መረመረ። በመጨረሻ ያችው የበሰበሰች ኢንቨስቲጌተር የላይኛው ክፍሏ ተቈርጦ እንደ ምንም ተጠገነችና፣ ብራውንና ባወር በእርሷ ተሳፍረው በ1805 ዓመት እንግሊዝ ገቡ። ይዞት የመጣው ዕፅዋት 3,400 ያህል ዓይነት ነበረ፤ ከዚህም ወደ 2,000 የሚሆነው በኤውሮጳ ሊቃውንት ዘንድ ከቶ ያልታወቀ ነበረ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ተቀምጦ እያንዳንዱን ቅጠል መረመረ፤ እያንዳንዱን ከወገኑ ለየ፤ ለየራሱም ስም ሰጠው። በ1810 በላቲን ቋንቋ የጻፈውን መጽሐፍ በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። ከታተመው 250 መጽሐፍ ግን የተሸጠው ከ30 አይበልጥም። ሊቃውንት ዛሬ ያን መጽሐፍ በዕፅዋት ትምህርት ከተጻፉት ታላላቆች መጻሕፍት አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በዚያ ዘመን ግን የሚገዛው አልተገኘም። ብራውን እጅግ አዘነና ሁለተኛውን ክፍል ሳያወጣው ቀረ።

በዚያው ዓመት ባንክስ የመጻሕፍቱ ቤት ጠባቂ አደረገው፤ ከዓለም ዙሪያም የደረቀ ቅጠል ወደ እርሱ ይመጣ ጀመር። ከሐበሻ አገርም መጥቶለታል። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ በ1805ና በ1810 ወደ ትግራይ መጥቶ በመንገዱ ያየውን ሣርና አበባ ለቅሞ ነበር። ያን መርምሮ ስሙን የጻፈለት ብራውን ነው፤ ዝርዝሩም በ1814 በታተመው በሶልት መጽሐፍ መጨረሻ ይገኛል። ባንክስ በ1820 በሞተ ጊዜ ቤቱንና መጻሕፍቱን፣ የደረቁትንም ዕፅዋት ሁሉ እንዲገለገልባቸው ለብራውን ተወለት፤ እርሱም በ1827 ወደ መንግሥት ቤተ መዘክር እንዲዛወሩ አደረገና የዚያ ክፍል ጠባቂ ሆነ።

በዚህ ዓመት ነው ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራውን ነገር ያየው። የአበባ ዱቄት ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ቅንጣቶች በውሃ ጠብታ ላይ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ሲመለከታቸው፣ ሳያቋርጡ ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጡ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ሕይወት ስላላቸው ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በዚያው ባበቃ ነበር፤ እርሱም አስቀድሞ እንዲህ መስሎት ነበር። ነገር ግን ሊፈትነው ፈለገ። ከሞተ ብዙ ዓመት ከሆነው ቅጠል ወስዶ ፈጭቶ አየ፤ ይንቀጠቀጣል። የመስኮት መስታወት ፈጨ፤ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻም በግብፅ አገር ካለው ከስፊንክስ ሐውልት የመጣች የድንጋይ ስባሪ አግኝቶ ፈጨ፤ እርሷም ተንቀጠቀጠች። ስለዚህ ነገሩ ከሕይወት እንዳልሆነ ዐወቀ፤ ከምን እንደ ሆነ ግን ስላላወቀ ያየውን ብቻ ጽፎ ተወው። ምክንያቱን አልበርት አይንስታይን በ1905 ገለጠው፤ በዓይን የማይታዩት የውሃው ቅንጣቶች ሳያርፉ ስለሚገፉአቸው ነው። እንቅስቃሴው ግን እስከ ዛሬ በብራውን ስም ይጠራል። በ1831ም በኦርኪድ ቅጠል ሕዋስ ሁሉ ውስጥ እንደ እንቍላል አስኳል ያለ ነገር መኖሩን አስተዋለና ስም ሰጠው፤ ከርሱ በፊት ያዩት ነበሩ፤ በየሕዋሱ እንደሚገኝ ያስተዋለው ግን እርሱ ነው።

ብራውን ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም። ያላረጋገጠውን ነገር ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጥ ነበር፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያረጋገጠውንም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይዞት ይቀር ነበር። በየእሑዱ ጧት ሊያነጋግረው ይሄድ የነበረው ቻርልስ ዳርዊን፣ ብራውን ስሕተትን ከመጠን በላይ ከመፍራቱ የተነሣ ብዙ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋራ እንደ ተቀበረ ጽፎአል። የመጀመሪያው መጽሐፉ አለመሸጡ ልቡን ሳያቀዘቅዘው አልቀረም። ከአውስትራልያ ካመጣው ዕፅዋት ስለ ብዙዎቹ እርሱ ሳይጽፍ ዘገየና፣ ሌሎች ሰዎች ቀድመውት ጻፉ።

ሚስት ሳያገባ በ84 ዓመቱ በ1858 በሰኔ ወር፣ ያ ባንክስ በተወለት ቤት ሞተ። የሊኔ ማኅበር የሚባሉት ሊቃውንት ሊሰበሰቡ ቀን ቀጥረው ነበር፤ ስለ እርሱ ክብር ግን ቀኑን ወደ ሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ጉባኤው ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በተሰበሰበ ጊዜ የዳርዊንና የአልፍሬድ ዋላስ ታላቁ ጽሑፍ ተነበበ፤ ቀኑ ባይዘዋወር ኖሮ ያ ጽሑፍ በዚያ ጉባኤ ባልተነበበ ነበር።

ለኪ ቤይ ያለበት ምድር በ1966 ዓመት ኬፕ ለ ግራንድ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ዛፉን የሚቈርጥ፣ አውሬውን የሚገድል እንዳይኖር በሕግ ተከለለ። በመስከረምና በጥቅምት በአሸዋውና በግራኒቱ መካከል ብጫው፣ ቀዩና ሐምራዊው አበባ ሲፈነዳ ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው በእግራቸው ይዞሩበታል። ያማረችው ባንክሲያም በባሕሩ አጠገብ ቆማ ትታያለች። ብራውን ከአውስትራልያ ይዞ የተመለሰው የደረቀ ቅጠልና ቅርንጫፍ ደግሞ በለንደን ቤተ መዘክር በወረቀት ላይ ተለጥፎ ይገኛል።